የእትዬ ጥሩነሽ አፈር

የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ በረዶው ቀን ቀልጦ ማታ መልሶ በሚጋገርበት ሰሞን፣ ኮሎምበስ ውስጥ አንድ ሽታ አለ። የበሰበሰ ቅጠል፣ የዛገ ብረትና የጭቃ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ክሊቭላንድ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ከአንድ ቤት አጥር ሥር ይኸው ሽታ መጣብኝና ባለሁበት ፈዝዤ ቀረሁ። አውቶቡሱ መጥቶ፣ በሩን ከፍቶ ዘግቶ ሲሄድ ልብ አላልኩም። ቀጣዩ እስኪመጣ በብርድ ቆሜ የማስበው ስለ አንዲት ሴት ብቻ ነበር። ስሟ እትዬ ጥሩነሽ ነው፤ እንደሷ ያለ ደረቅ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

እትዬ ጥሩነሽ ሊንደን በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ አራት ቤተሰብ በሚኖርበት አሮጌ የጡብ ቤት፣ ከኛ በላይ ያለውን ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖር ነበር። ዲቪ የደረሳት አምሳ ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ነው። ከዚያ በፊት ሐዋሳ አጠገብ አንድ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ፎርማን ነበረች፤ በሷ ትእዛዝ ስንትና ስንት ሰው አፈር ይነፋ፣ ላስቲክ ይሞላ፣ ውሃ ያጠጣ ነበር። ኮሎምበስ ስትመጣ ግሮቭ ሲቲ ካሉት መጋዘኖች ባንዱ ካርቶን ማሸግ ጀመረች። እዚያ ስሟን አስተካክሎ የሚጠራት እንኳ አልነበረም፣ ስለ ችግኝ ማን ይጠይቃታል። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምጿ ጎርናና ነበር። የመጋዘኑን ብርቱካናማ አንጸባራቂ ሰደርያ ሥራም፣ ጓሮም፣ ገበያም ለብሳው ትሄዳለች። እናቴ አንድ ቀን "እትዬ ጥሩ፣ እሱን እንኳ ለሥራ አድርጊው" ብትላት፣ "ታዲያ ይኼ ሥራ አይደለም?" ብላ አካፋዋን አሳየቻት።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኮሮናው ትምህርት ቤቱን ዘግቶት የምንማረው ቤታችን ሆነን በላፕቶፕ ነው። እናቴ አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፣ አባቴ በመኪናው ሰው ሲያመላልስ ይውላል። እትዬ ጥሩነሽ የከሰዓት ሺፍት ስለነበረች፣ ጠዋት ጠዋት "እስቲ ዓይንሽን ጣል አድርጊባት" ተብላ እኔን ተረከበች። እሷ ግን ዓይኗን ጥላብኝ ብቻ አልቀረችም፤ በሁለተኛው ቀን አካፋ አስያዘችኝ።

ከሰው ፊት መደበቅ የምወድ ልጅ ነበርኩ። ካሜራዬን አጥፍቼ ነው የምማረው፤ መምህሯ ስትጠራኝ በጽሑፍ እመልሳለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ለፍላፊ ነበርኩ ይላሉ። እዚህ በመጣሁ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን በአማርኛዬም በእንግሊዝኛዬም ማፈር ጀምሬ፣ ቤት ውስጥ ሲያናግሩኝ በአጭር እንግሊዝኛ አንድ ቃል ወርውሬ ክፍሌ እገባ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ፊት ይኼ አይሠራም። "ዋት?" ካልኳት ያልሰማች መስላ ሥራዋን ትቀጥላለች። ሳይገባት ቀርቶ አይደለም፤ ከመጋዘኑ የሚበቃትን ያህል እንግሊዝኛ ለቃቅማለች። አንቱ ስላትም ትቆጣለች፤ "ሳልደርስበት አታስረጂኝ" ትለኛለች።

ከቤቱ ጀርባ ጓሮ ነበር። እሷ መጀመሪያ ስትገባ ቢጫ ሸክላ፣ የጠርሙስ ስባሪና የጎማ ቁራጭ ብቻ ነበረበት አሉ። ጥቅምት ላይ ጎረቤቱ ሁሉ በወረቀት ከረጢት ሞልቶ መንገድ ዳር የሚያወጣውን ቅጠል፣ የቆሻሻ መኪናው ሳይደርስበት እየተሸከመች አመጣችው። የእንቁላል ቅርፊት፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ ከየቤቱ ሰበሰበች። ያንን ሁሉ እየቆለለች፣ እያገላበጠች፣ እየነፋች በሦስት ዓመት አፈር አደረገችው። ጥቁርና ልል ነበር፤ እጄን ሳስገባበት እስከ አንጓዬ ይውጠኝ ነበር። ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት በዚያ የመጀመሪያው የኮሮና ሰኔና ሐምሌ፣ ከዚሁ ጓሮ ጎመንና ቃሪያ እየቀጠፈች በየበሩ እጀታ ላይ ታንጠለጥል ነበር። አንኳኩታ ምስጋና አትጠብቅም። ጓሮው ውስጥ ስትቆም አረማመዷ ራሱ ይለወጣል፤ እዚያ እንደገና ፎርማን ናት።

ከዚያ ቀጥሎ በመጣው የካቲት፣ ውጭው ገና ነጭ ሳለ፣ ሥራ ጀመርን። ኅዳር ላይ በባልዲ ያስገባችው አፈር ወጥ ቤቷ ውስጥ ነበር። መስኮቱ ሥር የእርጎ ጣሳዎች ደርድራለች። የጣሳውን ቂጥ በጋለ ሚስማር እበሳለሁ፤ ውሃው እየወጣ አፈሩ እንዳይፈስ፣ ያገለገለ የአፍ መሸፈኛ አጥባ በመቀስ እየቆረጠች ከሥር ታነጥፋለች። ዘሯ በባዶ የመድኃኒት ጠርሙሶች ነው ያለው፤ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ በሶብላ። ከየጠርሙሱ አሥር አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ማሞቂያው አጠገብ ታስቀምጥና፣ ስንቱ እንዳቆጠቆጠ ሳታይ አንዲት ፍሬ አትዘራም። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ፤ የችግኝ ጣቢያው ልክ ይኼ ነው። ከዚህ ዝንፍ ካልኩ መልሳ ታስደፋኛለች። መኮትኮቻዋን በሞረድ ስትስል ድምፁ ጥርሴን ያመኝ ነበር።

ደብዳቤው የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከአከራዩ ነበር፣ ለአራቱም ቤት አንድ ዓይነት። እትዬ ጥሩነሽ አምጥታ ሰጠችኝና እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ጓሮው ጠጠር ተደፍቶበት የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። እያንዳንዱ ቤት ቁጥር ያለው አንድ ቦታ ያገኛል። በጓሮው ያለ ማናቸውም የተከራይ ንብረት እስከ ማርች መጨረሻ ይነሣ።

እውነቱን ለመናገር አባቴ ደስ ብሎት ነበር። መንገድ ዳር እያቆመ ሁለት ጊዜ መስታወት ሰብረውበታል፤ መኪናው ደግሞ እንጀራችን ነው። እናቴ ነገሩ ከነከናትና በዚያው ማታ ወደ ላይ ወጥታ ለመነቻት። "አፈር ስሆን እትዬ ጥሩ፣ ከላንድሎርዱ ጋር አትጣዪ። ሬንቱ እንዲህ በናረበት የት ቤት አገኛለሁ ብለሽ ነው?" እትዬ ጥሩነሽ እስክትጨርስ ሰማቻት። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"ለኔም ቦታ ይሰጠኛል?"

"አዎ። ሦስት ቁጥር ያንቺ ነው ይላል።"

"መኪና ባይኖረኝም?"

"ለእያንዳንዱ ቤት ነው የሚለው።"

ሥራ የምትሄደው አብረዋት በሚሠሩ ሰዎች ራይድ ነው፤ መኪና ነድታ አታውቅም። ደብዳቤውን አጣጥፋ ሰደርያዋ ኪስ ከተተችው። "መሬቱ የሱ ነው" አለች፣ "አፈሩ ግን የኔ ነው።" እናቴ ግራ ገብቷት አየችኝ። እኔም አልገባኝም ነበር።

በማግስቱ ገባኝ። እትዬ ጥሩነሽ አፈሩን ከመሬቱ ላይ ልታነሣው ነው። የሚቻል አልመሰለኝም። አንድ ሙሉ ጓሮ አፈር በአካፋ፣ በአንዲት ሴትና በአንዲት ልጅ። እሷ ግን ሰፈሩ ውስጥ ያለውን ሐበሻ ሁሉ ኮል አድርጋ የሩዝ ከረጢት እንዲያመጡላት አዘዘች። ሰዉ እየሳቀም ቢሆን አመጣ። ከመጋዘኑ ዕቃ የሚደረደርባቸውን የተሰባበሩ የእንጨት ፓሌቶች ለምና፣ ራይድ የሚሰጣትን ሰውዬ አስጭና መጣች። ከረጢቶቹን ከሥር በሚስማር እየበሳን ኮሪደሩ ላይ ቆለልናቸው።

አሁን ቀረ የምንለው መቆፈሩ ነበር፤ እሷ ግን አልቆፍርም አለች። ጠዋት ጠዋት ወደ ጓሮ ወርዳ አንድ እፍኝ አፈር ትጨብጣለች። እጇን ስትከፍት እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ መልሳ ትጥለውና ትመለሳለች። እርጥብ አፈር ከተቆፈረ ይሞታል አለችኝ፤ ይጠጥርና ጡብ ይሆናል፣ ሥርም አይገባበትም። አንድ ቀን ዘነበ፣ በሚቀጥለው በረዶ ጣለ፣ ሲቀልጥ ደግሞ ጓሮው ጨቀየ። ማርች ገባ፣ ተጋመሰ። አባቴ ሳይቀር "ኧረ ቀኑ ሊያልቅ ነው፣ እኔም ላግዝሽ፣ ባለበት እንዛቀው" አላት። "ሬሳ ተሸክሜ የት እደርሳለሁ?" ብላ ፍንክች ሳትል ቀረች። እኔ ሌሊት እየነቃሁ የዝናብ ድምፅ አዳምጥ ጀመር። የሌላ ሰው ነገር እንዲህ ሲያስጨንቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

የመጨረሻው ሳምንት ሲገባ ነፋስ ተነሣ። ሁለት ቀን ሙሉ ደረቅ ነፋስ ነፈሰ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ ጥሩነሽ እኔን አስጨበጠችኝ። ጨብጬ እጄን ስከፍት አፈሩ ፍርክስክስ ብሎ በጣቶቼ መሀል ወረደ። "በይ" አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። ላፕቶፑን ከፍቼ፣ ስሜ ከተጠራ በኋላ እዚያው ትቼው ወረድኩ። እሷ ትቆፍራለች፣ እኔ የከረጢቱን አፍ እይዛለሁ፤ ሲሞላ ሁለታችንም እየጎተትን ከቤቱ ግድግዳ ሥር እናስጠጋለን። የመጋዘን ሥራዋን ሁለት ቀን ቀረች። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ አልተናገርኩም። ቢጫው ሸክላ ከሥር እስኪታይ ድረስ ቆፈርን። ሸክላው ጋ ስትደርስ አካፋዋን ሰቅላ፣ "ይኼ የሱ ነው፣ አትንኪው" አለችኝ።

አከራዩ የመጣው በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው። ረጅም፣ ጭምብሉን አገጩ ሥር ያወረደ ሰውዬ ነበር። ጉድጓዱን አየ፣ ከረጢቶቹን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፤ እሷን አላያትም። ከንብረቴ ላይ አፈር እንድታነሡ ማን ፈቀደላችሁ፣ መልሱት አለ። የነገረንን ተረጎምኩላት።

"ንገሪው" አለች አካፋዋን ተደግፋ። "ስገባ ያገኘሁት ሸክላና ጠርሙስ ነው፤ ሸክላው ይኸውልህ፣ አልነካሁትም። ይኼ አፈር ሰው ከጣለው ቅጠል የሠራሁት ነው። አይመለስም በይው።"

እኔ ታዲያ ምን አልኩ? እንደኔ ዓይነት ልጆች ሁሉ የምናውቀውን አደረግኩ። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ትምህርት ቤት ለወላጆቻችን ስናስተረጉም፣ ሰው እንዳይቆጣብን ያልተባለ ይቅርታ እንጨምራለን። በእንግሊዝኛ፣ በጣም ይቅርታ ትላለች፣ መጠየቅ እንዳለባት አላወቀችም፣ እባክዎ ይፍቀዱላት አልኩት። ሰውዬው ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። እትዬ ጥሩነሽ ግን አፈር በአፈር የሆነ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

"ሶሪ የሚለውን ማን አስገባው?"

ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

"እኔ ሶሪ አላልኩም። ምን አጥፍቼ? ያልኩትን ብቻ በይው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። እሷ ግን እጇን ከትከሻዬ አላነሣችም፤ ቀና ብዬ ሳያት አልተቆጣችም፣ እየጠበቀችኝ ነበር። እንደገና ጀመርኩ። ሸክላው ያንተ ነው፣ አልነካችውም፣ አፈሩን የሠራችው እሷ ናት፣ አትመልስም አልኩት። አንዲት ይቅርታ አልጨመርኩም። በዚህ አገር ጮክ ብዬ ለትልቅ ሰው እምቢ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰውዬው ቀላ። እና የት ልታደርገው ነው፣ ኮሪደሩ ላይ አይቻልም አለ። እትዬ ጥሩነሽ ሳልተረጉምላት ገብቷት፣ ከሰደርያዋ ኪስ ደብዳቤውን አወጣች። "ስሪ" አለችው በራሷ እንግሊዝኛ፣ ሦስት ጣቷን ቀስራ። ያ ለመኪና ነው አላት። መኪና የለኝም፣ ያለኝን አቆማለሁ በይው አለችኝ፤ እንዳለችው አልኩት። ጉድጓዱን አንዴ፣ እኛን አንዴ አየና የኪራይ ሊዝሽ እስኪያልቅ ብቻ ነው ብሎ ሄደ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሚያዝያ ላይ ጠጠሩ ተደፋ፣ ቁጥሮቹ ግድግዳው ላይ ተጻፉ። በሦስት ቁጥር ላይ ፓሌት ዘርግተን ከረጢቶቹን አቆምን። ብርዱ እስኪያልፍ ችግኞቹን ቀን እያወጣን ማታ እያስገባን፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ ተከልናቸው። በዚያ ክረምት በሁለት መኪና መሀል ያ ሁሉ ጎመን፣ ያ ሁሉ ቃሪያ ቆሞ ታየ። በጓሮ በኩል የሚያልፈው መንገደኛ ቆሞ ስልኩን አውጥቶ ያነሣዋል። የአባቴ ቦታ ሁለት ቁጥር ነበር፤ በሩን በከፈተ ቁጥር በሶብላው ይሸተዋል። መጀመሪያ ያጉረመርም ነበር፤ ሐምሌ ላይ ለምሳው ቃሪያ እየቀጠፈ ሲሄድ ያዝኩት።

የሚቀጥለው ዓመት የካቲት ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ለሷ ብቻ። ሊዙ አይታደስም፣ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ቤቱን ልቀቂ። እናቴ አለቀሰች። እኔም እልህ እየተናነቀኝ፣ ከሰውዬው ጋር ባትሟገቺ ኖሮ አልኳት። "ባልሟገት ኖሮ አፈሩም የለ፣ እኔም የለሁ" አለችኝና ያጠበችውን ጣሳ አቀበለችኝ። ሚኒያፖሊስ ያለች የእህቷ ልጅ ዘንድ ልትሄድ ወሰነች። በአውቶቡስ ስለምትሄድ ከሁለት ሻንጣ በላይ መያዝ አትችልም ነበር።

ሚያዝያ ላይ ያንን ሁሉ ሰው እንደገና ኮል አደረገችው። ከረጢት የሰጠ ሁሉ ከረጢቱን ከነአፈሩ ወሰደ። እያንዳንዱን ሰው እንዴት እንደሚያጠጣ ሳታስደግም አላሰናበተችም። ከሊንደን እስከ ግሮቭ ሲቲ ያ አፈር ያልገባበት ሐበሻ ቤት ያለ አይመስለኝም። ለኔ አንዱን ሰጠችኝ። በመጨረሻ ፓሌቶቹን አንሥታ ሦስት ቁጥርን በመጥረጊያ ጠረገችው፤ ለሰውዬው አንድ እፍኝ አልተወችለትም። ስንለያይ አላቀፈችኝም። መዳፌን ገልብጣ አየችውና፣ "ጠንክሯል" ብላ ተወችው። አንድ ዓመት ያህል እንደዋወል ነበር፤ በኋላ ስልኳ ተቀየረ፣ አዲሱን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

እኛም ከዚያ ቤት የወጣነው እሷ በሄደችበት ዓመት መስከረም ላይ ነው። አባቴ ዎርዝንግተን ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አፓርትመንት አገኘና የጭነት መኪና ተከራየ። ዕቃው ሁሉ ሲጫን የኔ ከረጢት ብቻ ጠጠሩ ላይ ቀረ። ቦታ የለም አለ አባቴ፤ አፈር እዚያም ሞልቷል፣ ስንደርስ ከሱቅ እገዛልሻለሁ። ከረጢቱ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ለመነችኝ፣ ቆየት ብላ ተቆጣችኝ። ከሱቅ የተገዛ አልፈልግም፣ ይኼን ሳልይዝ አልሄድም አልኳቸው፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፣ ጎረቤት በመስኮት እያየን። አባቴ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የተጫነውን ዕቃ አየ። ከዚያ መኪናው ላይ ወጣና፣ ከሥራ ሲመለስ የሚቀመጥበትን ተወዳጁን ሶፋ አውርዶ መንገድ ዳር አቆመው።

ከረጢቱን አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን ሦስቱን ፎቅ ወጣን። በየደረጃው እያረፍን ነበር። በረንዳው ላይ ስንደርስ ላቡን ጠርጎ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየና፣ "የት ይቀመጥ?" አለኝ። ፀሐይ የምትመታውን ጥግ አሳየሁት።